ስለ ባቄላ ሥር ዕባጭና ስለ ፀሐይ ብርሃን የተደረገ የምርመራ ታሪክ

በደጋው አገራችን ገበሬ ዘንድ የታወቀ አንድ ነገር አለ። ገብስ ወይም ስንዴ እየተደጋገመ የተዘራበት መሬት ሲደክም ባቄላ ወይም አተር ይዘራበታል፤ በሚመጣውም ዓመት ያው መሬት እንደገና ጥሩ እህል ይሰጣል። ገበሬውን «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብለን ብንጠይቀው «ባቄላ መሬት ያሳርፋል» ብሎ ይመልስልናል። መልሱ አጭር ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ዳሩ ግን ይህ አጭር መልስ እንዴት እውነት ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ የአውሮፓ ሊቃውንት ከአርባ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ነገሩ ከተገለጠላቸውም በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ከመሬት በታች በጨለማ የሚኖር ሥር ከመሬት በላይ በሚያበራው ፀሐይ የሚጠቀመው ወይም የሚጐዳው እንዴት ነው? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመተረክ የማስበው የእነዚህን የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩን በዐይን ማየት ይሻላል። ዝናብ ካረጠበው መሬት አንድ የባቄላ ተክል ከነአፈሩ በዝግታ ቢነቀልና ሥሩ በውኃ ቢታጠብ፥ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሱ፥ አንዳንዶቹም ምስር የሚያህሉ ዕባጮች ተጣብቀው ይታያሉ። የገብስን ሥር ብንነቅል ግን እንዲህ ያለ ነገር አናገኝም። ዕባጩን በጥፍር ከፍሎ ለተመለከተው ውስጡ ሥጋ መስሎ ቀልቶ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ፥ ገበሬም ይሁን ተማሪ፥ በመጀመሪያ «ተክሉን በሽታ ይዞታል» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ሊቃውንቱም ያሰቡት እንደዚሁ ነው።

ጥራጥሬ መሬትን እንደሚያዳብር ማወቅስ እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ፥ ባቄላ መሬትን ከማድከም ይልቅ እንደ ፍግ የሚያገለግል መሆኑን፥ የመቄዶንያና የተሰሊያ ሰዎችም ባቄላው ሲያብብ ከመሬቱ ጋር ገልብጠው እንደሚያርሱት ገልጿል። ከሮማውያን መካከል ካቶ፥ ከእርሱም በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ኮሉሜላ ግብጦን ለደከመ መሬት መድኃኒት አድርገው መክረዋል። ይህ ግብጦ የተባለው በጎጃም ገበሬ ዘንድ የሚዘራው፥ መራራነቱ እስኪለቅ ድረስ በወራጅ ውኃ ተዘፍዝፎ የሚበላው፥ ከአረቄ ጋርም የሚቀርበው ያው እኛ የምናውቀው ግብጦ ነው። የሮማ ገበሬና የጎጃም ገበሬ በአንድ ተክል መገናኘታቸው ለእኔ የሚያስደስት ነገር ነው።

ዕባጩን በሥዕል አስፍረው ካተሙት የቀድሞ ሊቃውንት አንዱ ግን ጣሊያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። ከ1675 እስከ 1679 ባሳተመው የዕፀዋት አካል መጽሐፍ ውስጥ የጥራጥሬን ሥር ከነዕባጩ ስሎታል፤ ነገር ግን ዕባጩ ነፍሳት በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ እንደሚያበጁት ዓይነት ዕብጠት መሰለው። ከእርሱ በኋላ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ዕባጩን ከመሬት መዳበር ጋር አገናኝቶ ያስረዳ ሰው አልተገኘም። ገበሬው መሬቱን፥ የዕፀዋት ሊቁም ዕባጩን ያውቅ ነበረ፤ ሁለቱ ግን ተገናኝተው አልተነጋገሩም።

የነገሩ መፈታት የጀመረው ሚዛን በእርሻ ላይ በዋለ ጊዜ ነው። ዣን ባቲስት ቡሴንጎ የሚባል ፈረንሳዊ በወጣትነቱ በደቡብ አሜሪካ ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአልሳስ አውራጃ ቤሸልብሮን በተባለ ስፍራ በእርሻ ላይ ምርመራ ያደርግ ጀመር። የሠራው ሥራ ለማስረዳት ቀላል፥ ለመሥራት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ወደ እርሻው የሚገባውን ፍግና ዘር መዘነ፤ ከእርሻው የሚወጣውን እህልና ገለባ መዘነ፤ በሁለቱም ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለካ። ናይትሮጅን ማለት ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶ የሚሆነው ጋዝ ነው፤ ሥጋም ሆነ ወተት፥ ባቄላም ሆነ እንቍላል ገንቢ ምግብ የሚሆነው ይህ ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ ነው። እንስሳትም ዕፀዋትም አየሩ በዙሪያቸው ሞልቶ ሳለ ናይትሮጅኑን በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም፤ በባሕር መካከል ሆኖ የሚጠጣ ውኃ እንዳጣ መርከበኛ ናቸው። ቡሴንጎ በ1838 ባወጣው ጽሑፍ፥ ስንዴና አጃ ናይትሮጅን እንደማይጨምሩ፥ ማገጥና አተር ግን ከዘሩና ከአፈሩ ካገኙት የበለጠ ናይትሮጅን በአካላቸው ይዘው እንደሚገኙ ገለጸ። ትርፉ ከየት መጣ? ከአየር ካልሆነ በቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም ነበር።

በዚህ ጊዜ ታላቁ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ተነሣ። በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዕፀዋት የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን የሚያገኙት በአየር ውስጥ ካለውና ከዝናብ ጋር ከሚወርደው አሞኒያ ነው ብሎ አስተማረ። ሊቢግ በዘመኑ የተፈራ ሰው ስለ ነበረ ቃሉ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ክርክሩም እየሰፋ ሄደ። ቡሴንጎ ራሱ ከ1850 ወዲህ ምርመራውን ይበልጥ ለማጥራት ፈልጎ አፈሩን በእሳት ካቃጠለ፥ ተክሉንም በመስተዋት ውስጥ ከዘጋ በኋላ ቢመረምር ትርፉ ጠፋ። አሁን የቱን ይመኑ? የመጀመሪያውን ወይስ የኋለኛውን?

ጥያቄውን ለመቍረጥ የተነሡት በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የሚኖሩት ጆን ቤኔት ሎስና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ናቸው። ሎስ የርስቱን መሬት በ1843 የእርሻ መመርመሪያ አደረገው፤ በዚያ ዓመት የተዘራው የብሮድባልክ የስንዴ ማሳ እስከ ዛሬ ድረስ ምርመራ ይደረግበታል። እነርሱም ኢቫን ፒዩ ከሚባል ወጣት አሜሪካዊ ጋር ሆነው በ1857ና በ1858 የሠሩት ሥራ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ጥንቃቄው የላቀ ነበረ። አፈሩን በብርቱ እሳት አቃጠሉት፤ ማሰሮውን በመስተዋት ክዳን ከደኑት፤ የሚገባውን አየር እንኳ አንዳች አሞኒያ እንዳይኖርበት በሰልፈሪክ አሲድ አጠቡት። በ1861 ባሳተሙት ጽሑፍም የደረሱበትን ነገር አስታወቁ፤ ይኸውም እህልም ሆነ ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን አይወስድም የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። አንዳንድ መጻሕፍት እነዚህን ሰዎች እንደ ሞኞች አድርገው በአጭሩ ያልፏቸዋል፤ ይህ ግን ፍርድ ማጕደል ይመስለኛል። የጠየቁት ጥያቄ «ተክሉ ብቻውን ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳልን?» የሚል ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዛሬም ትክክል ነው፤ ብቻውን አይወስድም። ያልታሰባቸው ተክሉ ብቻውን አለመሆኑ ነው። አፈሩን ያቃጠሉበት እሳት በአፈሩ ውስጥ የነበሩትን ረቂቅ ተሐዋስያን ሁሉ ስለ ፈጃቸው፥ ባቄላው ረዳቱን አጥቶ በመስተዋት ውስጥ ተራበ። ንጽሕናው ራሱ እውነቱን ሸፈነው። ከመስኮታቸው ውጭ በማሳው ላይ ያለው ማገጥ ግን ናይትሮጅን ማትረፉን አልተወም፤ ሎስና ጊልበርትም ይህን አይተው አልካዱም፤ ምናልባት የማገጡ ሥር ወደ ታች ጠልቆ ከጥልቁ አፈር ይስብ ይሆናል ብለው ገመቱ እንጂ። ማሳው አንድ ነገር፥ ማሰሮው ሌላ ነገር ሲናገር ሃያ አምስት ዓመት ያህል አለፈ።

በዚህ መካከል በሌላ አቅጣጫ የዕፀዋት ሊቃውንት ወደ ዕባጩ ተመለሱ። ሩሲያዊው ሚካኤል ቮሮኒን በ1866 የግብጦን ዕባጭ ቈርጦ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት ውስጡ ባክቴሪያ በሚመስሉ ረቂቅ አካላት ተሞልቶ አገኘው። በ1879 ደግሞ ጀርመናዊው ፍራንክ በእሳት በጸዳ አፈር ላይ የበቀለ ጥራጥሬ ዕባጭ እንደማያወጣ አመለከተ። እንግዲህ የቀረው እነዚህን ሁለት ነገሮች ከናይትሮጅኑ ሒሳብ ጋር የሚያጋጥም ሰው ነበረ።

ያም ሰው ሄርማን ሄልሪጌል ነው። በጀርመን አገር በበርንቡርግ በሚገኝ የእርሻ መመርመሪያ ከረዳቱ ከሄርማን ቪልፋርት ጋር ይሠራ ነበረ። መጀመሪያ የፈለገው ስለ ዕባጭ ለማወቅ አልነበረም፤ ዕፀዋት ምን ያህል ናይትሬት እንደሚያስፈልጋቸው ለመለካት ነበረ። በታጠበ አሸዋ በተሞሉ ማሰሮዎች ውስጥ ገብስና አጃ ዘርቶ ናይትሬት በልክ ሲሰጣቸው፥ ብዙ የተሰጠው ብዙ፥ ጥቂት የተሰጠው ጥቂት፥ ያልተሰጠውም ምንም ሳይሆን አደገ። ሒሳቡ ደስ የሚል ነው። አተር በዘራ ጊዜ ግን ሒሳቡ ፈረሰ። ምንም ናይትሬት ካልተሰጣቸው ማሰሮዎች በአንዱ ያለው አተር በረኃብ ገርጥቶ ሲሞት፥ አጠገቡ ባለው ማሰሮ ያለው፥ አንድ ዓይነት አሸዋና አንድ ዓይነት ውኃ የተሰጠው አተር፥ ለምልሞ ያብብ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ማሰሮው ተበላሽቷል» ብሎ በጣለው ነበረ። ሄልሪጌል ግን የለመለሙትን ነቅሎ ሥራቸውን ተመለከተ፤ ዕባጭ አላቸው። የሞቱትንም ነቀለ፤ ዕባጭ የላቸውም።

ከዚህ በኋላ የሠራው ምርመራ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊከተለው የሚችል ነው። አሸዋውን በሙቀት አጸዳና አተር ዘራበት። ለአንዳንዱ ማሰሮ ምንም አልጨመረም። ለአንዳንዱ ከእርሻ አፈር የታጠበ ጥቂት ውኃ ጨመረ። ለሌላው ያንኑ ውኃ፥ ነገር ግን አፍልቶ ጨመረ። ያልፈላው ውኃ የደረሰው አተር ዕባጭ አውጥቶ ለመለመ፤ የፈላው ውኃ የደረሰውና ምንም ያልደረሰው ግን ተራቡ። ስለዚህ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለው ረዳት በመፍላት የሚሞት ሕያው ነገር ነው። ከዚህም አልፎ አንድ ተጨማሪ ነገር አየ፤ ለአተር የጠቀመው የአፈር ውኃ ለግብጦ አልጠቀመም፤ ለግብጦ የሚጠቅመው ግብጦ ከበቀለበት አሸዋማ መሬት የተወሰደ ውኃ ነበረ። ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ ረዳት አለው ማለት ነው። ሄልሪጌል ይህን በመስከረም ወር 1886 በበርሊን በተሰበሰቡት የጀርመን የተፈጥሮ ሊቃውንትና ሐኪሞች ፊት ተናገረ፤ ሙሉው ጽሑፍም በ1888 ታተመ። ቡሴንጎ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖሮ በሚከተለው ዓመት በ1887 ሞተ። የሮትሃምስቴዶቹ ሎስና ጊልበርትም ቂም አልያዙም፤ ሸምግለው ሳሉ በ1888 ምርመራውን በራሳቸው እጅ እንደገና ጀምረው፥ ሄልሪጌል እውነተኛ መሆኑን መሰከሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

በዚያው በ1888 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ በአንድ የእርሾ ፋብሪካ የሚሠራው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከዕባጩ ለይቶ፥ ከጥራጥሬ ቅጠል በተቀቀለ ውኃና በጄላቲን ላይ ለብቻው አሳደገው። ዛሬ ሪዞቢየም የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ይህ ነው። በ1896 ኖቤና ሂልትነር የተባሉት ጀርመናውያን የተመረጠውን ባክቴሪያ ለገበሬ እንዲሸጥ አደረጉት፤ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ከባክቴሪያው ጋር ይለወሳል። በ1909 ፍሪትስ ሃበር ናይትሮጅንን በብርቱ ሙቀትና ግፊት አሞኒያ ለማድረግ ቻለ፤ በ1913ም በኦፓው ትልቁ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የዩሪያ ማዳበሪያ አመጣጥ ከዚህ ነው፤ ነገሩ ራሱን የቻለ ሰፊ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ብቻ ልብ ልንለው የሚገባው፥ ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና የአየርን ግፊት ሁለት መቶ ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ግፊት የሚያስፈልገውን ሥራ፥ በባቄላ ሥር ላይ ያለው ባክቴሪያ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ይሠራዋል።

ነገር ግን በነጻ አይሠራውም። እዚህ ላይ ነው ብርሃን ወደ ታሪኩ የሚገባው።

አንዲቱን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመስበር ባክቴሪያው ቢያንስ 16 ኤ.ቲ.ፒ. የሚባሉትን የኃይል ቅንጣቶች ይከፍላል። ይህን ኃይል የሚያገኘው ተክሉ ከሚሰጠው ስኳር ነው፤ ስኳሩንም ቅጠሉ ያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ በዕባጩ ውስጥ ያለው ነገር ንግድ ነው፤ ተክሉ ስኳር ይሰጣል፥ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይመልሳል፤ የገበያው ገንዘብ ግን ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን ነው። ተክሉ ለዚህ እንግዳው ቤትም ያበጃል። በ1939 ጃፓናዊው ኩቦ የዕባጩን ውስጥ የሚያቀላው ነገር ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር አንድ ወገን መሆኑን አስረዳ። ሥራውም ኦክሲጅንን ይዞ በልክ ማከፋፈል ነው፤ ናይትሮጅንን የሚሰብረው መሣሪያ ኦክሲጅን ሲበዛበት ይበላሻልና። ተክሉ ለጥቂት ቀኖች በጨለማ ቢቀመጥ ይህ ቀይ መልክ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል፤ ሥራውም ይቆማል። ቅጠሉ ሲጨልምበት ሥሩ ደሙ ይገረጣል እንደ ማለት ነው።

በዚህ በኩል ብዙ የደከሙት በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤድዊን ፍሬድና ፔሪ ዊልሰን ከጓደኞቻቸው ጋር ናቸው። ከ1930 ወዲህ ባሉት ዓመታት ጥራጥሬን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር በብርሃን ሲያሳድጉት ስኳሩ ስለሚበዛ ዕባጩም የሚወሰደውም ናይትሮጅን እንደሚበዛ አሳዩ። በ1958 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሮበርት በሪስና ባልደረቦቹ ለአኩሪ አተር ቅጠል ምልክት ያለበት ካርቦን ሰጥተው፥ ያው ካርቦን ወርዶ በዕባጩ ውስጥ መገኘቱን ተከታተሉ። ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው ግን ሚጌልና ኖራ ራጂዮ የተባሉ ባልና ሚስት ከጆን ቶሪ ጋር በ1957 ያሳተሙት ሥራ ነው። ከተክሉ የተቈረጠ፥ ግንድም ቅጠልም የሌለው የጥራጥሬ ሥር ወስደው፥ በተቈረጠው ጫፉ በኩል ስኳር ቢመግቡት፥ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ዕባጭ አወጣ።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ብርሃን ማለት ስኳር ነው፤ ስኳር ከተገኘ ብርሃኑ ባይኖርም ግድ የለም። እኔም ብሆን በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ እንዲሁ በፈረድሁ ነበረ። ነገር ግን በ1952 በሜሪላንድ በቤልትስቪል ቦርትዊክና ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰላጣ ዘር ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አይተው ነበረ። ዘሩ ለጥቂት ደቂቃ ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል፤ ከቀዩ በኋላ ዐይናችን በደንብ የማያየው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት መብቀሉን ይተዋል፤ እንደገና ቀይ ብርሃን ቢሰጠው ይበቅላል። የመጨረሻው ብርሃን የትኛው እንደ ነበረ ዘሩ ያውቃል። በ1959 ይህን የሚያደርገውን ነገር ከተክል ለይተው አወጡት፤ ስሙም ፊቶክሮም ተባለ። እንግዲህ ተክል ብርሃንን ለምግብ ብቻ ሳይሆን እንደ ወሬም ይቀበለዋል ማለት ነው።

በሆላንድ በቫግኒንገን ሊ የተባለው ሊቅ ይህን ሐሳብ ወደ ዕባጩ አመጣው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአተርና በቦሎቄ ላይ መርምሮ በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጥልቅ ቀይ ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲያርፍባቸው ዕባጩ እንደሚቀንስ፥ ከዚያ በኋላ ቀይ ብርሃን ቢጨመር ግን ቅናሹ እንደሚካስ ገለጸ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚመረተው ስኳር ይህን ያህል ለውጥ ሊያመጣ አይችልም። ይህ ወሬ እንጂ ምግብ አይደለም። በ2011 የጃፓን ሊቃውንት ሎጦስ ጃፖኒከስ በተባለ ትንሽ ጥራጥሬ ላይ፥ ፊቶክሮሙ የተበላሸ ተክል ዕባጩ እንደሚያንስ፥ ጤነኛውም ቢሆን ቀይ ብርሃን ሲያንሰውና ጥልቅ ቀይ ሲበዛበት ዕባጭ እንደሚቀንስ አረጋገጡ።

ወሬው በምን ይላካል? ቅጠሉ ላይ፥ ዕባጩ ታች ነው። በ2021 በቻይና አገር የሄናን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአኩሪ አተር ላይ ያደረጉት ምርመራ መልእክተኞቹን በስማቸው አሳወቀን። ብርሃን በተክሉ ላይ ሲያርፍ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ከላይ ወደ ሥር ይወርዳሉ። አንደኛው ወገን በብርሃን የሚነሣ ኤስ.ቲ.ኤፍ. የሚባል ሲሆን፥ ሁለተኛው ኤፍ.ቲ. የሚባለው ተክል የሚያብብበትን ጊዜ የሚነግረው ነው። ከሥር በኩል ደግሞ ባክቴሪያው ሲደርስ የራሱን ምልክት ያስነሣል። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከተገናኙና የባክቴሪያው ምልክት ካጸናቸው በኋላ ዕባጭ የመሥራቱ ሥራ ይጀመራል። ተክሉ ሥሩን «እንግዳው ከደጅ ቆሟል፤ ቤት የሚያስፈልገውም ብርሃን አለ፤ ግባ በለው» የሚለው ይመስላል። እንግዳውም ቢሆን ዕውር አይደለም። በ2012 በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ ያሉ ሊቃውንት የአተር ሪዞቢየም ሰማያዊ ብርሃንን የሚያውቅበት ፕሮቲን እንዳለው፥ አተሩ ላይ ከመደረጉ በፊት ብርሃን ያገኘ ባክቴሪያም የሚያስነሣው ዕባጭ እንደሚበዛ አሳይተዋል። በአፈር ውስጥ የሚኖር ተሐዋስያን ብርሃን መለየቱ የሚገርም ነው። ሥሩ ራሱ ግን ጨለማ ይወዳል፤ ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍበት ዕባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ባቄላ የሚያበቅል ተማሪ ጠርሙሱን በጥቁር ወረቀት መሸፈን አለበት።

ይህ ነገር ለአገራችን ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ ጥልቁን ቀይ ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ በሌላ ተክል ጥላ ሥር ያለ ጥራጥሬ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ አንድም ስኳሩ ያንስበታል፤ አንድም ብርሃኑ ራሱ «ተጋርደሃል» ይለዋል። በሐረርጌ ቦሎቄ ከማሽላና ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ ይዘራል። መሬት ለጠበበው ሰው ይህ አዘራር ብልኅነት እንጂ ስንፍና አይደለም፤ በአንድ ማሳ ሁለት እህል ይገኛልና። ነገር ግን ማሽላው ሲረዝም ቦሎቄው በጥላ ይዋጣል፤ ናይትሮጅንም እንዲሰጥ የሚጠበቅበት እርሱ ነው። የመስመሩ ርቀትና አቅጣጫ፥ የሁለቱ የሚዘሩበት ሳምንት መለያየት፥ አጭር የማሽላ ዘር መምረጥ፥ ይህ ሁሉ የእህል ቦታ ክፍፍል ብቻ ሳይሆን የብርሃን ክፍፍል ነው። በማሳ ዳር የሚተከለው ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው፤ ሰዎች ውኃ ይመጥጣል ብለው ያሙታል፤ ጥላውን ግን የሚቈጥርበት ሰው አላየሁም።

በሌላ በኩል ሽምብራ አለ። ሽምብራ በመረሬ መሬት ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ፥ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት፥ ደመና በሌለበት የበጋ ፀሐይ ያድጋል። ገበሬው ይህን ጊዜ የመረጠው መረሬው በክረምት ውኃ ስለሚቋጥርና ሽምብራም ውኃ ስለማይወድ ነው። ሆኖም ሽምብራው ከላይ የሚጋርደው ረዥም እህል ሳይኖርበት ሙሉ ብርሃን ያገኛል፤ ይህም ለዕባጩ ሳይጠቅመው አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ይህን ለመመልከት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ባቄላው ማበብ ሲጀምር፥ ከማሳው መካከል ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታና ከዛፍ ጥላ ሥር እኩል ቍጥር ያላቸው ተክሎች በዶማ ከነአፈራቸው ያውጣ። በእጅ መጐተት አይገባም፤ ዕባጩ ተቈርጦ በመሬት ውስጥ ይቀራልና። ሥሩን በባልዲ ውኃ ውስጥ አርግቦ ያጥበውና ዕባጮቹን ይቍጠር። ከዚያ በኋላ በምላጭ ይክፈላቸው፤ ውስጡ የቀላው በሥራ ላይ ያለ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነው ሥራውን የጨረሰ ወይም ብርሃን ያጣ ነው፤ ነጭ የሆነው ገና ያልጀመረ ወይም ናይትሮጅን የማይሰጥ ባክቴሪያ የገባበት ነው። የሁለቱን ወገን ቍጥር ጐን ለጐን ይጻፍ፤ የዛፉን ዓይነትና ከዛፉ ያለውንም ርቀት አብሮ ይጻፍ።